የቀይ ባሕር ሁለት ዘመዳሞች፦ ታሪኩን በዛጎሉ የሚጽፈው ክላም እና አሻራ የማይተወው ቀንድ አውጣ

ካርቱም የወንዝ ከተማ ናት። ጥቁር ዓባይ እና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ይህች ከተማ በቀጥታ መስመር ሲለካ እንኳ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ የባሕር ፍጥረታት ከነዋሪዎቿ ሕይወት ርቀው አያውቁም።

"ሲት አል-ወደዕ" የሚባሉ ሴቶች ዛጎል መሬት ላይ በትነው የሰዎችን ዕጣ ፈንታ ይተነብያሉ። ዛጎል ጣይ ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከወንዙ ማዶ በምትገኘው ኦምዱርማን ደግሞ "ዱፍራ" የሚባል፣ ጥፍር የመሰለ ደረቅ ነገር ከሽቶ ቅመሞች ጋር ይሸጣል። ዱፍራ የባሕር ቀንድ አውጣ ወደ ቤቱ ሲገባ ደጁን የሚዘጋበት ክዳን ነው። ተወቅጦ ሱዳናውያን ሴቶች ለሠርግ በሚያዘጋጁት "ኹምራ" በተሰኘው ሽቶ ውስጥ ይገባል።

ከባሕሩ ተነስቶ፣ የቀይ ባሕርን ኮረብታዎችና በረሃውን አቋርጦ ካርቱም የሚደርሰው ሁሉ ጠጣር ነገር ነው። ዛጎል ይደርሳል፤ ክዳን ይደርሳል። በውስጣቸው ይኖር የነበረው ለስላሳ እንስሳ ግን በመንገድ ይቀራል። ከመጀመሪያውም ዛጎል ያልነበረው እንስሳ ደግሞ ጭራሽ ጉዞውን አይጀምርም።

በሱዳን የባሕር ዳርቻ ኮራሎች ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ፍጥረታትን ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። አንደኛው ግዙፉ ክላም ነው፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው "የስፔን ዳንሰኛ" የሚል ቅጽል የወጣለት ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሲታዩ ግን አይመስሉም።

አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት መንገድ

ሁለቱም ሞለስክ ከሚባለው ታላቅ የእንስሳት ምድብ ይካተታሉ። ይህ ምድብ ዛሬ በሕይወት ያሉ ከ80,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ በዝርያ ብዛት ነፍሳትን ከሚያካትተው ምድብ ቀጥሎ ይቀመጣል። ኦክቶፐስም፣ ዝናብ ሲጥል ከአጥር ሥር የሚወጣው ቀንድ አውጣም ሞለስክ ናቸው።

ከካርቱም በስተደቡብ በጀዚራ የመስኖ ቦዮች ውስጥ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በአውሮፓውያኑ 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ሞተው ያገኟቸውም እነዚሁ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በዓለም ስማቸው የተጠራው በሞለስክ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

የሞለስክ አካል መሠረታዊ ንድፍ ቀላል ነው። ከታች ጡንቻማ እግር፣ ከላይ የሆድ ዕቃ፣ እርሱን የሚሸፍን ማንትል የሚባል ካባ መሰል ሥጋ አለው። ዛጎሉን የሚሠራው ይህ ካባ ነው። ከባሕር ውኃ ካልሲየም ወስዶ እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ጠጣር ነገር ያመነጫል። ክላሙም ሆነ ዳንሰኛው ይህንን ንድፍ ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ወርሰዋል። ልዩነታቸው ውርሱን ምን እንዳደረጉበት ነው።

ክላሙ ራሱን ጥሏል። ቃል በቃል ጭንቅላት የለውም። ሌሎች ሞለስኮች ምግብ የሚፍቁበት ጥርሳም ምላስም ጠፍቶበታል። በአንጻሩ ያለውን ሀብት ሁሉ ቤቱ ላይ አውሏል። የስፔን ዳንሰኛው ደግሞ ጭንቅላቱንና ጥርሳም ምላሱን ይዞ ቤቱን ጥሏል። በራሱ ላይ ሁለት ቀንድ መሰል ነገሮች ብቅ ብለው የውኃውን ሽታ ያነፍሳሉ። "ቀንድ አውጣ" የሚለው የአማርኛ ስም በክላሙ ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ ለዳንሰኛው ግን ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

በቤቱ የሚያርሰው

በቀይ ባሕር የሚኖሩት ግዙፍ ክላሞች የስማቸውን ያህል አይገዝፉም። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝመውና ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ትልቁ ዝርያ የሚገኘው በሩቅ ምሥራቅ ውቅያኖሶች ነው። የቀይ ባሕሮቹ በአብዛኛው ከ40 ሴንቲ ሜትር አያልፉም። አንዱ ዝርያ በኮራሉ አለት ውስጥ ተቀብሮ የካባው ከንፈር ብቻ ይታያል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወይም ቡናማ ሆኖ በወርቃማ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው።

ይህ ከንፈር እርሻ ነው። በውስጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ከዚያም ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ክላሙ በምላሹ መጠለያና ከሰውነቱ የሚወጣውን ናይትሮጅን እንደ ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል። ውኃ እያጣራ ጥቃቅን ምግብ መልቀም ባያቆምም አብዛኛው ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ እርሻ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ዛጎሉን ከፍቶ ካባውን ለፀሐይ ያሰጣል።

የተከፈተ በር ግን አደጋ አለው። በካባው ጠርዝ ላይ የተደረደሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች ጥላ ሲያልፍ ያያሉ፤ ያኔ ክላሙ ይዘጋል። በድሮ ፊልሞች ግዙፍ ክላም የጠላቂን እግር ነክሶ ሲያሰጥም የሚታየው ተረት ነው። አዘጋጉ አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ ብዙዎቹ ትልልቅ ክላሞች ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንኳ አይችሉም።

ከሁሉም በላይ ግን ዛጎሉ ማስታወሻ ደብተር ነው። ክላሙ በየቀኑ ቀጭን ሽፋን ይጨምራል። ዛጎሉ ተሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት መስመሮቹ ይቆጠራሉ። ልዩነቱ የዛፉ ቀለበት ዓመትን ሲያመለክት፣ የክላሙ መስመር ዕለትን ማመልከቱ ነው። የውኃው ሙቀት በመስመሮቹ ኬሚካላዊ ይዘት ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። ክላሙ ከሞተ ከሺህ ዓመታት በኋላም ሊነበብ ይችላል።

መርዝ የለበሰው

የስፔን ዳንሰኛው የሌሊት ፍጥረት ነው። ቀን በኮራል ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። ርዝመቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችል በመሆኑ "ኑዲብራንች" ማለትም "ራቁት ስንጥብ" ከሚባሉት ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች መካከል ከግዙፎቹ ይመደባል። ሳይንሳዊ ስሙ "ሄክሳብራንከስ" ስድስት ስንጥብ ማለት ሲሆን፣ በጀርባው ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱትን የመተንፈሻ አካላት ያመለክታል።

ሲነካ ወይም ሲደነግጥ ከአለቱ ይለቃል። የጠቀለለውን የካባውን ጠርዝ ዘርግቶ፣ ሰውነቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፈ ይዋኛል። ቀይና ነጭ ጠርዙ በጠላቂው መብራት ሲታይ ሰፊ ቀሚሷን እያውለበለበች የምትጨፍር ሴት ትዝ ታሰኛለች፤ ቅጽሉም የመጣው ከዚሁ ነው።

ይህን የመሰለ ለስላሳ ሥጋ፣ ያውም በቀይ ቀለም ያጌጠ፣ ዓሦች እንዴት አይበሉትም? መልሱ እርሱ ከሚበላው ነገር ጋር ይያያዛል። ዳንሰኛው ስፖንጅ የሚባሉትን፣ ከአለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ይመገባል። ስፖንጆቹ መሸሽ ስለማይችሉ ራሳቸውን በኬሚካል ይከላከላሉ። ዳንሰኛው መርዛቸውን ይበላል፤ አልፎም ከፊሉን ለውጦ በጀርባው ቆዳ ውስጥ ያከማቸዋል። የቀመሰው ዓሣ ይተፋዋል። በአለት ላይ የሚጥለው፣ ጽጌረዳ የሚመስለው ሮዝ የእንቁላል ጥቅልልም በዚሁ መርዝ የተጠበቀ ነው። በአንዱ ጥቅልል ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል።

ከዛጎል አልባዎቹ መካከል ክላሙን የሚፎካከሩም አሉ። "ኤሊሲያ" የተባሉት ትናንሽ አረንጓዴ ቀንድ አውጣዎች አልጌ ሲመገቡ፣ ብርሃንን ወደ ምግብ የሚቀይረውን የአልጌውን ክፍል ሳይፈጩ በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ክላሙ አራሾቹን በሰላም ሲያኖር፣ እነዚህ ማረሻውን ሰርቀው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ዝምድና በግልጽ የሚያሳይ ነገር አለ። የስፔን ዳንሰኛው ከእንቁላል ሲፈለፈል ዛጎል አለው። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው በዓይን የማይታይ እጭ በጀርባው ትንሽ ጥቅልል ቤት ይሸከማል። የክላሙም እጭ እንዲሁ ዛጎል ሠርቶ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ወደ ኮራሉ ሲወርዱ መንገዳቸው ይለያያል፦ ክላሙ ቤቱን ማስፋት ይጀምራል፤ ዳንሰኛው ያወልቀዋል።

ዋልያን የሰየመው ሰው

የስፔን ዳንሰኛው ለሳይንስ የተዋወቀው ከቀይ ባሕር ነው። ዝርያውን "ሳንጉዊኒየስ" ወይም "ደም መሰል" ብለው የሰየሙት የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እና የሥራ ባልደረባው ሎይካርት ናቸው፤ በ1830 ገደማ። ሩፔል በ1820ዎቹ ኑቢያንና ኮርዶፋንን፣ ከዚያም የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞሯል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምጽዋ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ዘለቀ። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀውና ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት የሆነው ዋልያ እና በባሕር ውስጥ የሚጨፍረው ቀንድ አውጣ ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ብዕር መሆኑን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም።

"ሄክሳብራንከስ" የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ክርስቲያን ኤረንበርግ ነው። በቀይ ባሕር አብሮት የተጓዘው ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

የሱዳን ዳርቻ ተራ የደረሰው በሉል ምክንያት ነበር። እንግሊዛዊው የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያ ሲሪል ክሮስላንድ ከ1905 ጀምሮ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በሚገኘው የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ለዓመታት ኖሯል። ሥራው ሉል የሚያፈራውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ማርባት ሲሆን፣ ይህ ፍጥረት የክላሙ የቅርብ ዘመድ ነው። ገንዘቡ የነበረው ዛጎሉ ላይ ነው፤ አንጸባራቂው የውስጥ ገጽታው ወደ አውሮፓ የአዝራር ፋብሪካዎች ይላክ ነበር። ክሮስላንድ ግን በትርፍ ጊዜው ማንም የማይገዛቸውን ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎችም ሰበሰበ። ስብስቡን መርምሮ በ1908 ያሳተመው ሰር ቻርልስ ኤሊየት ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል የብሪታኒያ ምሥራቅ አፍሪካ ገዢ የነበረና በኋላ በጃፓን አምባሳደር የሆነ ዲፕሎማት ሲሆን፣ ኑዲብራንች የእድሜ ልክ ፍቅሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ይህ ሥራ አስቸጋሪ ነበር። ዛጎል በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ መቶ ዓመት አይለወጥም። ኑዲብራንች በአልኮል ውስጥ ሲገባ ግን ይጨማደዳል፤ ቀለሙም ይጠፋል። በሕይወት ሳለ ያየው ሰው ካልጻፈለት ወይም ካልሣለው፣ በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ግራጫ ቁራጭ ምን እንደነበር መናገር አዳጋች ነው። ዛሬም ቢሆን የስፔን ዳንሰኛው አንድ ዝርያ ይሁን ብዙ የሚለው በተመራማሪዎች ዘንድ ሲያነጋግር ቆይቷል።

125,000 ዓመት የሚናገር ዛጎል

የክላሙ ነገር የተለየ ነው። በ2008 የጀርመንና የዮርዳኖስ ተቋማት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በሰሜናዊ ቀይ ባሕር ሌላ የክላም ዝርያ ለማራባት ሲሞክር ከሌሎቹ የሚለይ፣ ዛጎሉ ጠርዘ ጥርሳም የሆነ ክላም አገኘ። አዲስ ስምም ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይኸው ዝርያ "ፖላ" በተባለችው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ መርከብ ጉዞ ተሰብስቦ በ1899 ስም የወጣለት መሆኑ ታወቀ። ለመቶ ዓመት ተዘንግቶ የነበረውን ፍጥረት ማንነት ያረጋገጠው ቪየና ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠው ዛጎል ነበር።

ተመራማሪዎቹ በመቀጠል በዳርቻው ከፍ ብለው በሚታዩት ጥንታዊ የኮራል አለቶች ውስጥ የተቀበሩትን ዛጎሎች ቆጠሩ። ይህ ዝርያ በአንድ ወቅት ከቀይ ባሕር ግዙፍ ክላሞች ከ80 በመቶ በላይ ይሸፍን ነበር። ዛሬ በሕይወት ካሉት ውስጥ ድርሻው ከአንድ በመቶ በታች ነው። የሚኖረው ሰው በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ጥልቀት በሌለው የኮራል አናት ላይ ነው፤ ሥጋው ደግሞ ይበላል። ማሽቆልቆሉ የጀመረው ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ሊሆን እንደሚችል ያቀረቡት መላ ምት ጥንታዊ ሰዎችን ተጠያቂ ያደርጋል።

ግምቱ አከራካሪ ቢሆንም ያለ መነሻ የቀረበ አይደለም። በኤርትራ ዳርቻ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ በሚገኘው አብዱር በተባለ ሥፍራ፣ ዕድሜው ወደ 125,000 ዓመት የሚጠጋ የኮራል አለት ውስጥ ከዛጎሎች ጋር የተቀበሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግኝቱ በ2000 ይፋ ሲሆን ሰው የባሕር ዳርቻን መጠቀም የጀመረበትን ዘመን ከሚያሳዩ ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ተብሎ ነበር።

ይህን ሁሉ ማወቅ የተቻለው ክላሙ ዛጎል ስላለው ብቻ ነው። ከ125,000 ዓመት በፊት በእነዚሁ ኮራሎች ላይ ስንት የስፔን ዳንሰኛ ይዋኝ እንደነበር የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ኑዲብራንች ሲሞት በቀናት ውስጥ ይሟሟል፤ በአለት ውስጥ የሚቀር አጥንትም ሆነ ዛጎል የለውም። ቁጥሩ በግማሽ ቢቀንስ የሚያውቀው ከመቀነሱ በፊት የቆጠረ ሰው ካለ ነው።

ቆጣሪ ሲጠፋ

ሱዳን ለዚህ ቆጠራ ምቹ ከነበሩ አገሮች አንዷ ናት። ዣክ-ኢቭ ኩስቶ በ1963 ሰዎች በባሕር ወለል ላይ እንዲኖሩ ያደረገበትን ሙከራ ያካሄደው ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሻዕብ ሩሚ ነው። ከዳርቻው 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ከጥልቅ ባሕር ብቻውን የሚነሳው የሳንጋኔብ ኮራል እና የክሮስላንድ ዱንጎናብ በ2016 በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የውጭ አገር ጠላቂዎች በመርከብ እየመጡ በሌሊት ይጠልቁ፣ ፎቶ ያነሱ ነበር። ዛጎል የሌለው ፍጥረት መዝገብ ይኸው ነው፦ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ።

በሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ዕለት፣ በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰ። በከተማዋ መሐል፣ ከጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት አቅራቢያ የሚገኘው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠባቂዎች ሊደርሱበት አልቻሉም። በሕይወት ይጠበቁ የነበሩት እንስሳት በረሃብና በጥም አለቁ፤ ሙዚየሙም ክፉኛ ተጎዳ። እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ ያለ ደረቅ ዛጎል ከፍርስራሽ ሊለቀም ይችላል። የአልኮል ጠርሙስ ግን ክዳኑ ከተሰነጠቀ ወይም የሚሞላው ከጠፋ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል።

መንግሥት ወደ ፖርት ሱዳን ሸሸ፤ የወደብ ከተማዋ የጦርነቱ ዘመን ዋና ከተማ ሆነች። ከካርቱም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ጭምር፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ጎረፉ። በ2025 ግንቦት ወር መግቢያ የድሮን ጥቃት ፖርት ሱዳን ደርሶ የነዳጅ ማከማቻዎች ነደዱ። የሕዝብ ቁጥር በአንድ ጊዜ ባሻቀበባት፣ ምግብ በተወደደባት ከተማ በእግር ተሄዶ ከኮራል አናት የሚለቀም ሥጋ ዋጋው ከፍ ይላል። ዓለም አቀፍ የክላም ንግድ ከ1985 ጀምሮ ቁጥጥር የሚደረግበት ቢሆንም፣ ለራት የሚሰበሰብን ክላም የሚቆጣጠር ሕግ በጦርነት ጊዜ ማን ያስከብራል?

ሙቀቱም አለ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ክላሙ እንደ ኮራሎቹ አልጌዎቹን ያጣል፤ ካባው ይነጣል፤ እርሻው ይጠፋል። በ2024 ሚያዝያ የዘርፉ ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱን አስታውቀዋል። ይህም ከሞት የተረፉት ክላሞች ዛጎል ላይ ይጻፋል።

ጦርነቱ በተጀመረበት ዕለት በሳንጋኔብ ኮራል ላይ የነበረ ክላም እንደ ወትሮው አንዲት መስመር ጨምሯል። በማግሥቱም እንዲሁ። ዛጎሉ ከተገኘ ከአሥር ወይም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ያ ቀን ይገኛል፤ ውኃው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበርም ይነበባል። በዚያው ሌሊት ከስንጥቁ ወጥቶ ስፖንጅ ሲፈልግ ያደረ የስፔን ዳንሰኛ ቢኖር ግን እስከ ዛሬ ሊቆይ አይችልም፤ አብዛኞቹ ኑዲብራንቾች ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልቁም። የጣለው ጽጌረዳ መሰል ጥቅልል ተፈልፍሎ፣ እጮቹ ትንንሽ ዛጎሎቻቸውን ተሸክመው ከውኃው ጋር ሄደው፣ ወደ አንድ ኮራል ወርደው አውልቀዋቸው ሊሆን ይችላል። መብራት ይዞ ወርዶ ያያቸው ሰው መኖሩ ነው የሚያጠራጥረው።